ከክፍል ውጪ የሚገኝ የሃይስኩል ክሬዲት፦ መምህርቷ ለአንባቢዎች ይመልሳሉ

በዚህ እትም የመረጥኳቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ያልተማርነውን ሃይስኩል ይቆጥርልናል ወይ? አብዛኞቹ የመጡት ከሲያትል፣ ከሬንተን፣ ከተክዊላና ከኬንት ስለሆነ የምመልሰውም በዋሽንግተን ስቴት ደንብ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ፣ ኮሎራዶና ሚኒሶታ ያላችሁ፣ መንገዱን ከዚህ ተረዱና ቁጥሩን ከራሳችሁ ስቴት ጠይቁ። በዚህ አገር ትምህርትን የሚመራው ስቴቱ ነው፤ የዋሽንግተን ደንብ ዳላስ ላለ ልጅ አይሠራም።

በዋሽንግተን ለሃይስኩል ዲፕሎማ 24 ክሬዲት (ተማሪው አንድን ትምህርት ሲያጠናቅቅ የሚመዘገብለት ነጥብ) ያስፈልጋል። እንግሊዝኛ 4፣ ሒሳብ 3፣ ሳይንስ 3፣ ማኅበራዊ ጥናት 3፣ ሥነ ጥበብ 2፣ ጤናና ስፖርት 2፣ የውጭ ቋንቋ 2፣ የሙያ ትምህርት 1፣ በምርጫ የሚወሰድ 4። ቀድሞ አንድ ክሬዲት ለማግኘት 150 ሰዓት መማር ግድ ነበር። የስቴቱ የትምህርት ቦርድ ይህን የሰዓት መለኪያ በ2011 እ.ኤ.አ. አነሣው። ከዚያ ወዲህ ዲስትሪክቶች (የየአካባቢው የትምህርት አስተዳደሮች) ችሎታውን በተግባር ላሳየ ተማሪ ክሬዲት መስጠት ይችላሉ።

ይችላሉ እንጂ ቤታችሁ ድረስ መጥተው «ልጃችሁ ምን ያውቃል?» ብለው አይጠይቁም። «ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» እየተባልን ያደግን ሰዎች እዚህ ላይ በጣም እንጎዳለን። በሲያትል ትምህርት ቤቶች በረዳትነት በሠራሁባቸው ዓመታት፣ ክሬዲቱን የሚያገኘው ብዙ የሚያውቀው ልጅ ሳይሆን ወላጁ ካውንስለሩ (የትምህርት ቤቱ አማካሪ) ቢሮ ገብቶ የተቀመጠለት ልጅ መሆኑን ደጋግሜ አይቻለሁ። አሁን ወደ ደብዳቤዎቹ።

«የተከበሩ መምህርት፣ ልጄ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው። ስፓኒሽ ክፍል ገብቶ ሊወድቅብኝ ነው። ቤታችን የሚነገረው አማርኛ ነው። ቅዳሜና እሑድ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ፊደል ቆጥሯል፣ ዳዊት ደግሟል፣ ዘንድሮም ዲቁና ተቀብሏል። የሥራ ባልደረባዬ ‹ለአማርኛው ክሬዲት ይሰጠዋል› አለኝ። እውነት ነው? የቤተ ክርስቲያን ትምህርቱስ ይቆጠራል?» — የአራት ልጆች አባት፣ ከሬንተን

ባልደረባዎ የነገረዎት እውነት ነው፤ ይህን የማያውቅ ሐበሻ ቤተሰብ ዛሬም መብዛቱ ያናድደኛል። በዋሽንግተን አንድ ተማሪ ቋንቋውን ከእናቱ ጉያ ይማረው ከመጽሐፍ፣ ችሎታውን በታወቀ ፈተና ካሳየ ከ1 እስከ 4 ክሬዲት ያገኛል። ለአማርኛ የሚሰጠው ስታምፕ የሚባለው ፈተና ነው፤ አቫንት የተባለ ድርጅት ያዘጋጀዋል። ኖቪስ ሚድ የሚባለውን ደረጃ ያገኘ 1 ክሬዲት፣ ኖቪስ ሃይ ያገኘ 2፣ ኢንተርሚዲየት ሎው ያገኘ 3፣ ኢንተርሚዲየት ሚድና ከዚያ በላይ ያገኘ 4 ክሬዲት ይመዘገብለታል። አራት ክሬዲት ማለት ከ24ቱ አንድ ስድስተኛው ነው። ሁለቱ የውጭ ቋንቋውን ግዴታ ይሞላሉ፤ የቀሩት ሁለቱ በምርጫ ከሚወሰዱት ውስጥ ይገባሉ።

የስቴቱ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችም ለመግቢያ የአንድ ቋንቋ 2 ክሬዲት ይጠይቃሉ። ይህን ልብ ይበሉ። አንዳንድ ተማሪዎች የውጭ ቋንቋውን በሌላ ትምህርት ተክተው ዲፕሎማቸውን ይይዙና ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት ሲመጡ ቋንቋው ጎድሎ ይገኛል። በአማርኛ ፈተና የተገኘው ክሬዲት ለሁለቱም ያገለግላል።

ፈተናው እንዴት እንደሆነ ልንገርዎ፤ ልጆቻችን የሚሰናከሉት እዚህ ነውና። ኮምፒውተር ፊት ተቀምጦ ይጽፋል፤ በማይክሮፎን ይናገራል። ደረጃውን በመጻፍም በመናገርም ማሟላት አለበት። ንግግሩ እንደ ልብ የሚፈስለት፣ ፊደሉን ግን የማያውቅ ልጅ በመጻፉ ምክንያት ክሬዲት ያጣል። የእርስዎ ልጅ ፊደል መቁጠሩ ትልቅ ሀብት ነው። ቀለም የሚያውቅ እጅ ግን ኪቦርድ ላይ ይጠፋበታልና በኮምፒውተር አማርኛ መጻፍን ከአሁኑ ያለማምዱት። ለአያቱ በቴሌግራም የድምፅ መልእክት መላኩን ለጊዜው ያቁምና በፊደል ይጻፍላቸው። አያትም ደስ ይላቸዋል፤ እሱም ጣቱ ይፍታታል።

ሁለተኛው መሰናክል አስተዳደጋችን ነው። ጨዋ ልጅ በትልቅ ሰው ፊት ቃል አያበዛም ብለን ነው ያሳደግናቸው። እንግዳ «ትምህርት እንዴት ነው?» ሲለው «ደህና ነው» ብሎ ዐንገቱን ይደፋል፤ እኛም እንኮራበታለን። ፈታኙ ግን ጨዋነት አይመዝንም፤ የሰማውን ነው የሚመዝነው። ነጠላ ቃላት የደረደረ ዝቅተኛውን ደረጃ ያገኛል፤ ሙሉ ዐረፍተ ነገር የሠራ ከፍ ይላል፤ ዐረፍተ ነገሮቹን አያይዞ ያወራ ደግሞ ኢንተርሚዲየት ሚድ ይደርሳል። ስለዚህ ቡና ሲፈላ ልጁ ያውራ። ያየውን የኳስ ጨዋታ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርክ። ከጓደኛው ጋር የተጣላበትን ነገር ያስረዳ፤ ለምን እንደተጣላ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻል ይናገር። በመሐል እንግሊዝኛ ሲቀላቅል አይቆጡት፤ «በአማርኛ እንዴት ትለዋለህ?» ብለው ብቻ ይጠይቁት።

ዳዊቱና ዲቁናው ለነፍሱ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ለሃይማኖት ትምህርት ክሬዲት አይሰጥም፤ እንዲሰጥም አይጠይቁ። ቤተ ክርስቲያን ያስቆጠረችው ፊደል ግን በዚህ ፈተና ቀጥታ ዋጋ ያወጣል። ካውንስለሩ ዘንድ ሲሄዱ «ልጄ ዲያቆን ነው» ብለው አይጀምሩ፤ «በአማርኛ የቋንቋ ችሎታ ፈተና ተፈትኖ ክሬዲት ማግኘት ይፈልጋል፤ ፈተናው በዚህ ዓመት መቼ ይሰጣል? ምዝገባውስ?» ይበሉ። ዲስትሪክቶች ፈተናውን የሚሰጡት በተወሰኑ ቀናት ስለሆነ መስከረም ላይ የጠየቀ ይቀድማል። ክፍያው እንደየዲስትሪክቱ ነው፤ ካለም ለመክፈል ለሚቸገር ቤተሰብ ምን እንደሚደረግ በዚያው ይጠይቁ።

ስፓኒሹን በሚመለከት፣ ወድቆ ውጤቱ ትራንስክሪፕት ላይ ከመስፈሩ በፊት ክፍሉን ስለ መቀየር ካውንስለሩን ያነጋግሩ። በፈተና የሚገኘው የቋንቋ ክሬዲት ብዙውን ጊዜ «አለፈ» ተብሎ ነው የሚመዘገበው፤ የስፓኒሹ ዝቅተኛ ውጤት ያወረደውን አማካይ መልሶ አያነሣም። ልጁ ኢንተርሚዲየት ሚድ ከደረሰና የእንግሊዝኛውን መስፈርት ካሟላ ደግሞ ሲል ኦፍ ባይሊተረሲ የሚባል የሁለት ቋንቋ ማኅተም ከዲፕሎማው ጋር ይሰጠዋል፤ ስቴቱ ይህን በሕግ ያጸደቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። ለማንኛውም ይጠይቁለት። ከአማርኛ ጋር ስሙ የሰፈረ ልጅ ማየት እኔን ደስ ይለኛል፤ እርስዎን ደግሞ የበለጠ።

«ሰላም ለእርስዎ ይሁን። የ16 ዓመት ልጄ ከትምህርት በኋላ አጎቱ ምግብ ቤት ይሠራል። ሥራም ለክሬዲት ይቆጠራል ሲሉ ሰማሁ። አጎቱ ‹ችግር የለም፣ እኔ ወረቀት እጽፍለታለሁ› ይላል።» — እናት፣ ከሲያትል

እህቴ፣ የአጎቱ ወረቀት ብቻውን የትም አያደርስም። ሥራ ለክሬዲት መቆጠሩ ግን እውነት ነው። የተለመደው መንገድ ይህ ነው፦ ልጁ ከሥራው ጋር የሚገናኝ የሙያ ትምህርት መውሰድ ወይም ቀድሞ መውሰድ አለበት፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ፣ አሠሪው፣ ተማሪውና ወላጁ የመማሪያ ዕቅድና ስምምነት ይፈርማሉ፤ የትምህርት ቤቱ ተቆጣጣሪም ሥራ ቦታውን ይከታተላል። በዚህ መልክ 360 ሰዓት የሠራ 1 ክሬዲት ያገኛል። ስምምነቱ የሚፈረመው ሥራው ሳይቆጠር በፊት ነው። ያለፈውን በጋ ሙሉ የሠራውን አሁን ቁጠሩልኝ ማለት አይቻልም።

አጎቱም በደንቡ የሚያሠራ መሆን አለበት። ዕድሜው ከ18 በታች የሆነ ልጅ ለመቅጠር የንግድ ፈቃዱ ላይ የአካለ መጠን ያልደረሱ ሠራተኞች ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ወላጅና ትምህርት ቤትም ይፈርማሉ። የ16 ዓመት ልጅ ትምህርት ባለበት ወቅት በሳምንት 20 ሰዓት፣ ከሰኞ እስከ ሐሙስ ደግሞ በቀን 4 ሰዓት ነው መሥራት የሚችለው፤ በማግስቱ ትምህርት ካለ ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ አይሠራም። በሳምንት 20 ሰዓት ሳያጓድል ቢሠራ 360 ሰዓቱ 18 ሳምንት ይፈጃል። የክትፎ ሥጋ መፍጫውንና መቁረጫውን ማሽን አይንካ፤ ከ18 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው። ምግብ ለማድረስም በ16 ዓመቱ መኪና አይንዳ። ደመወዙን በእጅ የሚሰጡት ከሆነና የሰዓት መዝገብ ከሌለ ደግሞ የሚቆጠር ነገር አይኖርም።

ይህ ሁሉ ለአንድ ክሬዲት ነው። ብዙ ልፋት ነው ቢሉኝ፣ ልክ ነዎት። ልጁ ወጥ ቤትን ሙያዬ ብሎ ከያዘው ያዋጣል፤ ለኪሱ ገንዘብ ብቻ ከሆነ ሰዓቱን ለሒሳቡ ቢያውለው እመርጣለሁ። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» ይባል የነበረው እዚህ አገር እንደማይሠራ ግን አጎቱ ይወቀው፤ ልጁ የሚያቦካው እንጀራ ሊጥ በሕግ የተጠበቀ ሥራ ነው።

«በፌስቡክ ‹በ10 ቀን ውስጥ የአሜሪካ ሃይስኩል ዲፕሎማ፣ ቤትዎ ተቀምጠው፣ 300 ዶላር› የሚል አየሁ። አማርኛ የሚናገር ሰው ነው የሚያስተናግደው። እንዴት ያዩታል?» — ከኤቨረት

ገንዘብዎን ኪስዎ ያቆዩ። በ10 ቀን የሚሰጥ የሃይስኩል ዲፕሎማ የለም። የሚሸጥልዎት ወረቀት ነው፤ ሊገቡበት ያሰቡት ኮሌጅ ወይም ሊቀጠሩበት የፈለጉት መሥሪያ ቤት ሲያጣራው ዋጋ አይኖረውም። ትምህርት በኦንላይን መስጠቱ በራሱ ስሕተት አይደለም፤ እውነተኛ የኦንላይን ትምህርት ቤቶች አሉ። ከመክፈልዎ በፊት ኮሌጁን ደውለው «የዚህን ትምህርት ቤት ዲፕሎማ ትቀበላላችሁ?» ብለው ይጠይቁ። ሻጩ «መጀመሪያ ይክፈሉ» ካለ መልሱን ሰጥቶዎታል። አማርኛ መናገሩማ ምንም አያረጋግጥም።

«መምህርት፣ 29 ዓመቴ ነው። ወሎ ነው የተማርኩት፤ አሥረኛ ክፍልን ጨርሼ በ2004 ዓ.ም. ማትሪክ ተፈትኛለሁ፣ ነጥብ ግን አልመጣልኝም። አሁን የአረጋውያን እንክብካቤ ሥራ ላይ ነኝ፣ የ75 ሰዓቱን ሥልጠና ወስጄ ሰርተፊኬት አለኝ። ነርስነት መማር እፈልጋለሁ፤ ለዚያ የሃይስኩል ዲፕሎማ ይጠይቁኛል። ጓደኞቼ ጂኢዲ ተፈተኚ ይሉኛል። ሒሳቡን ግን ፈራሁት።» — ከተክዊላ

የእኔ እህት፣ ጂኢዲ ከመመዝገብሽ በፊት ይህን ሁለቴ አንብቢው።

ጂኢዲ የሃይስኩል ዲፕሎማን የሚተካ አራት ፈተና ነው፦ ሒሳብ፣ የእንግሊዝኛ ንባብና ጽሑፍ፣ ሳይንስ፣ ማኅበራዊ ጥናት። በእያንዳንዱ 145 ነጥብ ያመጣ ያልፋል። የሚሰጠው በእንግሊዝኛና በስፓኒሽ ነው፤ በአማርኛ የለም። ጥሩ ፈተና ነው፤ ፈጣን አንባቢ የሆነና ሒሳብ የማያስፈራው ሰው በአጭር ጊዜ ይገላገለዋል። አልንቀውም። ነገር ግን ከዚህ በፊት የተማርሽውን አንዱንም አይቆጥርልሽም። አንቺ ደግሞ ሁለት ዓመት ሃይስኩል ተምረሽ፣ ሙያ ሠልጥነሽ፣ ዓመታት ሠርተሽ ከዜሮ ጀምሪ ስትባዪ፣ የቆመ ቤት አፍርሶ በዚያው ቦታ ጎጆ መቀለስ ነው።

ለአንቺ የሚስማማው ሃይስኩል ፕላስ የሚባለው ነው። የዋሽንግተን ኮሚዩኒቲና ቴክኒክ ኮሌጆች 18 ዓመት ለሞላቸውና ዲፕሎማ ለሌላቸው ሰዎች ይሰጡታል፤ ለአንቺ ቅርብ የሆኑት ሃይላይን ኮሌጅና የሲያትል ኮሌጆች ናቸው። ክፍያው በአንድ ኳርተር (የትምህርት ሩብ ዓመት) 25 ዶላር ነው፤ ለማይችል ሰው ይህም ሊነሣለት ይችላል። ስትጨርሺ የምታገኚው የዋሽንግተን ስቴት የሃይስኩል ዲፕሎማ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አማካሪው የቀድሞ ማስረጃሽን ተቀብሎ ከሚጠየቀው ክሬዲት የትኛው እንደተሟላ ይለያል። የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ትራንስክሪፕትሽ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ለየብቻ ሁለት ሁለት ዓመት ተመዝግበዋል፤ እዚህ ያለ ልጅ ግን ለሳይንስ የሚጠየቀው 3 ክሬዲት ነው። ሒሳብሽ፣ እንግሊዝኛሽ፣ ጂኦግራፊና ታሪክሽ፣ አማርኛሽ፣ ሁሉም ይታያሉ። ስንት ክሬዲት እንደሚያወጡ የሚወስነው ኮሌጁ ነው። ከዚያ የሥራ ሕይወትሽ ይመጣል። የ75 ሰዓቱ ሥልጠና፣ ሰርተፊኬቱ፣ አረጋዊ ሰው ስትንከባከቢ በየቀኑ የምትሠሪው የመድኃኒት ክትትልና የምግብ ዝግጅት፣ የምትጽፊው የዕለት መዝገብ፣ ይህ ሁሉ በማኅደር ተደራጅቶ ሲቀርብና ሲመዘን ለጤናና ለሙያ ትምህርት ክሬዲት ሊቆጠር ይችላል። የጎደለውን ብቻ ትማሪያለሽ። የአሜሪካ ታሪክና የሥነ ዜጋ ትምህርት ወሎ ስላልተማርሽው እንደሚቀርሽ ገምቺ፤ እንግሊዝኛም ጥቂት ይጨመርብሻል። ሒሳቡንም ቢሆን ከመምህር ጋር በኳርተር እየተማርሽ ነው የምትጨርሺው፣ አንድ ቀን ገብተሽ በሰዓት ተይዘሽ አይደለም። ስትገቢ የንባብና የሒሳብ መመዘኛ አለ፤ እንግሊዝኛሽ ዝቅ ካለ በዚያው 25 ዶላር የእንግሊዝኛ ክፍል ያስገቡሻል። አትሸማቀቂ፤ የክፍል ጓደኞችሽ ከሥራ ፈረቃ ተነሥተው የሚመጡ እንደ አንቺ ያሉ ሰዎች ናቸው።

አሁን ስለ ወረቀቱ። ደሴ ሳስተምር ትራንስክሪፕት የጻፍኩ ሰው ነኝና ይህን ምክር ከማንም በላይ ስሚኝ። ከተማርሽበት ትምህርት ቤት የዘጠነኛና የአሥረኛ ክፍል ትራንስክሪፕት በታሸገ ፖስታ እንዲልኩልሽ፣ ወይም ዘመድ እንዲያወጣልሽ አድርጊ፤ የማትሪክ ሰርተፊኬትሽንም ጨምሪ። ነጥብ ባይመጣልሽም ክፍሉን ስለመጨረስሽ ማስረጃ ነው፤ አትደብቂው። ሁለተኛ ደረጃ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ስለሆነ ትራንስክሪፕቱም በእንግሊዝኛ ነው፤ ትርጉም ቤት ገንዘብ አትበትኚ። ትልቁ ጣጣ የዘመን አቆጣጠሩ ነው። ወረቀቱ 2003 እና 2004 ይላል፤ አማካሪው ሲያየው በፈረንጅ ይቆጥርና ገና ትንሽ ልጅ ሳለሽ ሃይስኩል የተማርሽ ይመስለዋል፤ አንዳንዴም ሐሰተኛ ነው ብሎ ይጠራጠራል። ስለዚህ ሪከርድ ቢሮው ከዓመቱ አጠገብ የፈረንጁን እንዲጽፍልሽ ወይም በማኅተም የተደገፈ አጭር ማብራሪያ እንዲያያይዝልሽ ጠይቂ፦ 2003 ዓ.ም. ማለት 2010/11፣ 2004 ዓ.ም. ማለት 2011/12። ስምሽም ፓስፖርትሽ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ወርቅነሽ በእንግሊዝኛ ስንት ዓይነት እንደምትጻፍ ታውቂያለሽ።

ነርስነቱን በሚመለከት፣ ሃይስኩል ፕላስን በምትገቢበት ቀን ለዚያው አማካሪ ንገሪው። የነርስነት ትምህርት ቅድመ ሁኔታዎች የሆኑ ኮርሶች በዚያው ኮሌጅ ስላሉ፣ ዲፕሎማሽን እየጨረስሽ የሚቀጥለውን አብሮ ማቀድ ይቻላል።

«ሴት ልጄ አሥራ አንደኛ ክፍል ልትገባ ነው። ራኒንግ ስታርት በሚባል ነገር ሃይስኩሉን ትታ ኮሌጅ ልትሄድ ፈልጋለች። ትምህርት አቋረጠች ይባል ይሆን? ባለቤቴ ‹ነጻ ነው› ይላል፣ እኔ ደግሞ ነጻ ነገር እጠራጠራለሁ።» — እናት፣ ከኬንት

አላቋረጠችም። ራኒንግ ስታርት በስቴቱ ሕግ በ1990 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ ነው፤ የአሥራ አንደኛና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ኮሌጅ ገብታ ስትማር ለሃይስኩልም ለኮሌጅም በአንድ ጊዜ ይቆጠርላታል። አምስት የኮሌጅ ክሬዲት 1 የሃይስኩል ክሬዲት ነው። በአንድ ኳርተር 15 የኮሌጅ ክሬዲት ከወሰደች ለሃይስኩሏ 3 ገባላት ማለት ነው። ግማሽ ቀን ሃይስኩል፣ ግማሽ ቀን ኮሌጅ ሆናም መማር ትችላለች፤ በእናንተ አካባቢ ብዙዎች ወደ ግሪን ሪቨር ኮሌጅ ይሄዳሉ።

ነጻ የሆነው የትምህርት ክፍያው ነው። መጻሕፍት፣ አንዳንድ ክፍያዎችና መጓጓዣ የእናንተ ናቸው፤ ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ቤተሰብ ክፍያ የሚቀነስበት መንገድ አለ፤ መጽሐፍ በውሰት የሚሰጡ ኮሌጆችም አሉ። ጥርጣሬዎ እዚህ ላይ ልክ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኮሌጅ ለወላጅ አይደውልም። ልጅቷ 16 ዓመቷም ቢሆን የኮሌጅ መዝገቧ የእርሷ ነው፤ ፈቅዳ ካልፈረመች ውጤቷን አይነግሩዎትም። አንድ ኮርስ ብትወድቅ ያ ውጤት በኮሌጅ ትራንስክሪፕቷ ላይ ለዘለቄታው ይቀመጣል፤ የሃይስኩሉ ክሬዲትም ይጎድልና የምረቃ ዓመቷ ይናወጣል። ስለዚህ ልጅቷን ይዩአት። ሳይነግሯት ተነሥታ የቤት ሥራዋን የምትሠራ፣ ያልገባትን መምህር ቢሮ ሄዳ የምትጠይቅ ከሆነች ያለ ሥጋት ይስደዷት። ማታ ማታ «ሥራሽን ሠራሽ?» እያሉ የሚቀሰቅሷት እርስዎ ከሆኑ መጀመሪያው ኳርተር ላይ አንድ ወይም ሁለት ኮርስ ብቻ ትውሰድ። የመረጠችው ኮርስ የትኛውን የሃይስኩል ግዴታ እንደሚሞላ ካውንስለሩ በጽሑፍ ያረጋግጥላት፤ በቃል አይበቃም። የግል ዩኒቨርሲቲ ወይም ሌላ ስቴት ካሰበች ደግሞ የኮሌጅ ክሬዲቱን ይቀበሉ እንደሆነ ከአሁኑ ትጠይቅ፤ የዋሽንግተኖቹ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ይቀበሉታል።

«በዲቪ መጥቼ ሲያትል ከገባሁ ገና መንፈቅ አልሞላኝም። 19 ዓመቴ ነው። ባሕር ዳር አሥራ አንደኛን ጨርሻለሁ። አጎቴ ‹ዕድሜህ አልፏል፣ ሥራ ግባ› ይለኛል። እውነት አልፏል?»

አላለፈም፣ ልጄ። በዋሽንግተን መስከረም 1 ቀን በፈረንጁ 21 ዓመት ያልሞላውና ዲፕሎማ የሌለው ሰው በሕዝብ ትምህርት ቤት በነጻ የመማር መብት አለው። ሁለት የትምህርት ዘመን ሊኖርህ ይችላል፤ አንዱን በማመንታት አታባክነው። ሲያትል ውስጥ ለአዲስ መጤ ተማሪዎች የተቋቋመ ሲያትል ወርልድ ስኩል የሚባል ትምህርት ቤት አለ፤ ዲስትሪክቱ የምዝገባ ቢሮ ሄደህ ስለ እርሱ ጠይቅ። ቀን መሥራት ግድ ከሆነብህ ከ16 እስከ 21 ዓመት ላሉ ወጣቶች ኦፕን ዶርስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ በ2010 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የተቋቋመ ነው፤ ከሥራ ጋር የሚስማማ ሰዓት ያለው ልታገኝ ትችላለህ። ሁሉም ባይሆን ሃይስኩል ፕላስም አለልህ፤ ከላይ ለተክዊላዋ እህት የጻፍኩትን አንብበው። አንተ ሦስት ዓመት ትራንስክሪፕት ስላለህ ከእርሷ ትቀድማለህ። ሃይስኩል ከገባህ የአማርኛውን ፈተና ቶሎ ተመዝገብ፤ ለአንተ አራቱም ክሬዲት ቅርብ ናቸው።

አጎትህን አትጣላው፤ ኪራይ የሚከፍለው እሱ ስለሆነ ይጨነቃል። ቅዳሜና እሑድ እየሠራህ እንደምታግዘው ንገረውና የምዝገባው ቀን አብሮህ ይምጣ። ስትሄድ ፓስፖርትህን፣ የመኖሪያ አድራሻ ማረጋገጫ፣ የባሕር ዳሩን ትራንስክሪፕትና የክትባት ማስረጃህን ያዝ። ክትባቱ በሐኪም ቤት የተረጋገጠ ካልሆነ ትምህርት አያስጀምሩህም፤ ለግሪን ካርድ የጤና ምርመራ ስታደርግ አዲስ አበባ የተሰጠህን የክትባት ወረቀት ቅጂ ፈልገው፣ ሻንጣህ ውስጥ ይኖራል።